በመካከል የሚቆም ሰው



ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ኡልፓንና ስለ ልጆች ምዝገባ ነበር የተነጋገርነው። ዛሬ የስግድ በዓል እየቀረበ በመሆኑ ከበዓሉ ጋር ስለሚገናኝ ጉዳይ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ጉዳዩ ምልጃ ነው። ምልጃ ስል የምድረ በዳውን ምልጃ፣ ይኸውም ሙሴ ስለ እስራኤል ሕዝብ በፈጣሪ ፊት የቆመበትን ማለቴ ነው። ነገር ግን በየቢሮው የሚገጥመንን ምልጃም ማንሳቴ አይቀርም፤ እንጀራዬ እሱ ነውና። አስቀድሜ ልናገር፦ እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ረቢም አይደለሁም። እዚሁ አገር ኮሌጅ ገብቼ ማኅበራዊ ሥራ የተማርኩ፣ በሃይፋ ከአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ጋር የምሠራ ሴት ነኝ። ስለ ኦሪት የምናገረው ከአባቴና ከቄሶቻችን የሰማሁትን፣ ራሴም ያነበብኩትን ነው። የሳትኩት ካለ ታላላቆቼ አርሙኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር እጠራለሁ።

አዲስ ቤተሰብ ወደ ቢሮዬ ሲመጣ፣ ሰላምታው ካለቀና ስለ ጤናና ስለ ልጆች ከተጠያየቅን በኋላ፣ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ልጄ፣ እዚያ መሥሪያ ቤት የምታውቂው ሰው አለሽ ወይ?» ይሉኛል። አንዲት እናት ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ለብቱዋህ ሌኡሚ ጸሐፊ እንዳደርስላቸው ሰጡኝ። ጸሐፊዋ ስጦታ መቀበል እንደማይፈቀድላት፣ ብትቀበልም እንደምትጠየቅ ስነግራቸው አዘኑ። «ታዲያ በባዶ እጅ፣ ያለ አማላጅ እንዴት ይለመናል?» አሉኝ። (ዳቦውን እኛው በቢሯችን በላነው፤ የባረኩትን ዳቦ መመለስ ነውር ነው።)

እኚህ እናት አልተሳሳቱም። ባደጉበት አገር ያለ ሽማግሌ የሚፈጸም ቁም ነገር የለም። ሚስት ሲፈለግ ሽማግሌ ይላካል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል። ደም የፈሰሰ እንደሆነም በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌና የሃይማኖት አባት አስቀድሞ ከተበዳይ ደጅ ይወድቃል። በስግድ ቀን ከመካከላችን ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው ስታዩ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ «በድያለሁ፣ ማረኝ» ማለት ነው። ስግድንም አባቶቻችን ሌላ ስም ነበራቸው፤ ምሕላ ይሉታል። ልመና ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሙሴ እንምጣ።

በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 32 የወርቅ ጥጃው ታሪክ ይገኛል። ሙሴ በተራራው ላይ አርባ ቀን ቆየ፤ ሕዝቡ ከታች ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ወርቁን ሰበሰበና ጥጃ አሠራ። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ልቤን የሚነካው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ፈጣሪ ለሙሴ ሲነግረው ሕዝቡን «ያንተ» ይለዋል፤ አንተ ከግብፅ ያወጣኸው ሕዝብ በደለ፣ ይለዋል። ሙሴ ሲመልስ ግን ቃሉን ያዞረዋል። የአንተ ሕዝብ ነው፣ ያወጣኸውም አንተ ነህ፣ ይላል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ልጁ ያጠፋ ቀን አባት ለእናት «ልጅሽ» ይላታል። ሽማግሌ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ልጁን ወደ አባቱ መመለስ ነው፤ «ኧረ ያንተው ልጅ ነው!»

ከዚያ ሙሴ ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛው፣ ግብፆች ምን ይላሉ የሚል ነው፤ ሊገድላቸው ነው ያወጣቸው ብለው ስምህን ያነሣሉ፣ ይለዋል። ሁለተኛው፣ ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ የማልክላቸውን አስብ የሚል ነው። አባቴ ይህን ሲያስረዳኝ፣ ሙሴ የጎንደር ሽማግሌ ይመስል ነበር አለኝ፤ ዝምድናውን ያነሣል፣ ክብርን ያነሣል፣ አባቶችን ያነሣል። ስለ ሕዝቡ ንጽሕና ግን አንድ ቃል አይናገርም። አልበደሉም አላለም። ሐሰተኛ ምስክር አልሆነላቸውም።

ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ሕዝብ በሌላ ፊት ነው ያገኘው። ጽላቶቹን ሰበረ፣ ጥጃውን አቃጥሎ ፈጨው፣ አሮንን ፊት ለፊት ወቀሰው። ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ላይ ሲሆን ስለ እነርሱ ይሟገታል፤ ታች ሲሆን እነርሱን ይገሥጻል። የእኔ ሥራ ባልደረቦችም እንዲህ ቢያደርጉ መልካም ነበር። አንዳንዶቻችን ተገላቢጦሽ እንሠራለን፤ በቤታችሁ መጥተን እናባብላችኋለን፣ በቢሮ ስብሰባ ላይ ደግሞ እናማችኋለን። እኔም አንዳንድ ቀን እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ፤ አልክድም።

በማግስቱ ሙሴ ተመልሶ ወጣ። ይህን ሕዝብ ይቅር የማትል ከሆነ እኔንም ከጻፍከው መጽሐፍ ደምስሰኝ አለ። መልሱ ግን እንደ ጠየቀው አልሆነም፤ የበደለ ራሱ እንደሚጠየቅ ተነገረው። ማለት ምልጃው ሕዝቡን ከመጥፋት አዳነ እንጂ የሠሩትን እንዳልተሠራ አላደረገውም። በዘኍልቍ ምዕራፍ 14 ሰላዮቹ ክፉ ወሬ ባመጡ ጊዜም እንዲሁ ነው። ሙሴ ለመነ፣ ይቅርታም ተሰጠ፤ ያ ትውልድ ግን ከካሌብና ከኢያሱ በቀር አገሩን ሳያይ በምድረ በዳ አለቀ። ሙሴ ራሱም ዮርዳኖስን ልሻገር ብሎ ለራሱ የለመነው አልተፈቀደለትም። ስለ ሌላው ሲለምን የተሰማ ሰው ስለ ራሱ ሲለምን አልተሰማም።

ስለ አማላጅ ብዙ ጊዜ የማይወራው ድካሙ ነው። በዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ሕዝቡ ሥጋ አማረን ብሎ በየድንኳኑ ደጃፍ ሲያለቅስ፣ ሙሴ ለፈጣሪ ምን እንዳለ አንብቡት። እኔ ነኝ ወይ ያረገዝኩት፣ እኔ ነኝ ወይ የወለድኩት፣ እንደ ሞግዚት አዝዬ የማደርሰው፤ እንዲህስ ከሆነ ግደለኝ፣ አለ። ያ ታላቅ ሰው ሞትን ለመነ! ይህን የምነግራችሁ ወደ አንድ ታሪክ ልወስዳችሁ ስለፈለግሁ ነው። ታሪኩ የቤታችን ነው፤ ለመናገርም ከእናቴ ፈቃድ አግኝቻለሁ።

ወደዚህ አገር የመጣነው በዘመቻ ሰሎሞን በግንቦት 1991 ነው። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሣ እኔ በእናቴ ጀርባ ላይ የታዘልኩ ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ ዕብራይስጥን ከጋን ጀምሬ እንደ ማንኛውም ልጅ ተማርኩት። እናቴ ኡልፓን ገብታ ነበር፤ ነገር ግን በልጅነቷ ፊደል ያልቆጠረች ሰው ስለሆነች ከብዷት ተወችው። በዚህም ምክንያት የቤቱ አፍ እኔ ሆንኩ። ደብዳቤ ሲመጣ እኔ፣ ባንክ ሲኬድ እኔ፣ ስለ ወንድሜ ከአስተማሪ ጋር ሲነጋገሩም እኔ። ጎረቤት ሁሉ «ጎበዝ ልጅ» እያለ ይመርቀኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ እያለ እናቴን ሆዷን አሟት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ በመሣሪያ አየና ወደ እኔ ዞሮ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ በማኅፀኗ ውስጥ ጊዱል አለ» አለኝ። ጊዱል በሐኪሞች ዘንድ ዕጢ ማለት ነው። እኔ ግን ጊዱልን የማውቀው ከትምህርት ቤታችን አትክልት ቦታ ነበር፤ ቲማቲም ማሳደግ ጊዱል ይባላል። ስለዚህ «እማዬ፣ በሆድሽ ውስጥ የሚያድግ ነገር አለ ይላል» አልኳት። እናቴ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ፈጣሪን አመሰገነች። ሐኪሙ ግራ ገብቶት አየን፤ ግን ወረፋው ረጅም ነበርና ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚያስተላልፈውን ወረቀት ሰጥቶ አሰናበተን። ወረቀቱን እናቴ ከፍራሹ ሥር አኖረችው። ለአባቴ ነገረችው፤ ለጎረቤት ነገረች፤ የልጅ ልብስ መግዛትም ጀመረች።

አምስት ወር ቆይቶ ደም ፈሰሳትና ሌሊት በአምቡላንስ ተወሰደች። ዕጢውን ከነማኅፀኗ አወጡት። ፈጣሪ ይመስገን፣ ዕጢው ክፉው ዓይነት አልነበረም፤ እናቴ ዛሬም አለች። ከዚያ በኋላ ግን ልጅ አልወለደችም። እኔም በዚያ ክሊኒክ ውስጥ የተናገርኩትን ለማንም ሳልናገር ዓመታት ኖርኩ። ኮሌጅ ገብቼ ስለ ልጆች አስተርጓሚነት ስንማር ከክፍል ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የዚያን ዕለት ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «አውቄዋለሁ፤ ያኔ ሆስፒታል ሳለሁ አወቅሁት። አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ እኔ ነኝ ያሸከምኩሽ» አለችኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው ይህን ካለችኝ፤ አሁንም ስናገረው ድምፄ ይሰበራል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ለዚህ ነው እንግዲህ ከዚህ ማይክሮፎን ደጋግሜ የምለምናችሁ። ልጃችሁን ወደ ሐኪም ቤት በአስተርጓሚነት አትውሰዱ። ወደ ማኅበራዊ ቢሮም፣ ወደ ባንክም፣ ባልና ሚስት ወደምትከራከሩበት ቦታም አትውሰዱ። በቅርቡ አንድ አባት የአምስተኛ ክፍል ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ ስለ ዕዳቸው በእሷ አፍ ሊነግሩኝ ጀመሩ። አማርኛ እንደምችል እያወቁ! እሷ ከእኔ ይልቅ የምታስረዳ መስሏቸው ነው። ልጅቱን ከውጭ ካሉት መጫወቻዎች ጋር እንድትቆይ ልኬ ከእሳቸው ጋር በአማርኛ ተነጋገርን። ሲወጡ ልጅቱ «አባዬ፣ ቤቱን ይወስዱብናል?» ስትል ሰማኋት። ሙሴ እንኳን ግደለኝ ያለበት ሸክም በአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ነበር።

ሙሴ ሲጮህ ፈጣሪ ምን መለሰለት? ታገሥ አላለውም። ከሕዝቡ ሰባ ሽማግሌዎች ሰብስብ፣ ሸክሙን ከአንተ ጋር ይሸከሙ አለው። ከዚያም በፊት አማቱ ዮቶር ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ፣ ይህ መልካም አይደለም፣ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ ብሎ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም መክሮት ነበር። ከአማሌቅ ጋር በተዋጉ ጊዜም እጁ ሲዝል ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አሮንና ሆር ከግራና ከቀኝ እጆቹን ደገፉለት። ራሱም አፌ ከባድ ነው ብሎ ነበር፤ ወንድሙ አሮን አፍ ሆነለት። ዕብራይስጥ እንቢ ያላችሁ ሁሉ ይህን አትርሱ፤ ኦሪትን የተቀበለልን ሰው አስተርጓሚ ያስፈልገው ነበር።

በዚህ አገር ሕግም አለ። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ፣ ሐኪም ሕክምናን ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው በሚገባው መንገድ ማስረዳት እንዳለበት ይናገራል። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ስለ ቋንቋና ስለ ባህል አገልግሎት ለኩፓት ሆሊሞችና ለሆስፒታሎች መመሪያ አውጥቷል። ከዚያም በፊት በሐደራ ጤና ብሪኡት የተባለው ድርጅት የእኛን ሰዎች በአማርኛ ማስረዳት ጀምሮ ነበር፤ ስሙ ራሱ አንዱ ቃል አማርኛ፣ ሌላው ዕብራይስጥ ነው፤ ሁለቱም ጤና ማለት ናቸው። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ «አኒ ጻሪኽ መቱርገማን ለአምሃሪት» በሉ፤ ሴት ከሆናችሁ «አኒ ጽሪኻ» ነው። በአማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል ማለት ነው። ማፈር አያስፈልግም። አገራችን ላይ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ ነገር ግን «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚባለውም የዚያው አገር ተረት ነው። እዚህ ሁለተኛው ይሠራል።

ከጎንደርና ከአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት የመጣችሁ፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በጹር እስራኤል የገባችሁትን ጨምሮ፣ ብዙዎቻችሁ ክርስቲያን ዘመድና ጎረቤት ትታችሁ መጥታችኋል። አንዳንዶቻችሁም አያቶቻችሁ በየምክንያቱ የተጠመቁ ናችሁ። ስለዚህ ምልጃ የሚለውን ቃል ስታነሡ አእምሮአችሁ ወደ ብዙ ቦታ ይሄዳል። አንድ ወጣት፣ እህቱ በጎንደር የጴንጤ እምነት ይዛ፣ አክስቱ ደግሞ ኦርቶዶክስ ሆነው፣ በስልክ ሲጨቃጨቁ መሃል እሱ ይገባል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ሙሴን ነው ብሎ ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ ሆኖም እውነቱን ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ሙሴ አብርሃምን፣ ይስሐቅንና ያዕቆብን አንሥቶ መለመኑን፣ የቅዱሳን ቃል ኪዳን ከሞቱም በኋላ እንደሚሠራ ምስክር ያደርጉታል። በዚህም ምክንያት ድንግል ማርያምንና ቅዱሳንን አማላጅ ይላሉ፤ የካቲት 16 ቀን የሚያከብሩት የኪዳነ ምሕረት በዓልም የዚሁ ነው። ጭንቅ ሲመጣ ምሕላ ያውጃሉ፤ ስሙ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ጴንጤዎች ደግሞ ከጳውሎስ መልእክት ጠቅሰው በፈጣሪና በሰው መካከል ያለው አንድ መካከለኛ ኢየሱስ ነው ይላሉ፤ ሙሴ የእሱ ጥላ ነበር ባዮች ናቸው። እንዲያውም ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን የናስ እባብ የዮሐንስ ወንጌል ከኢየሱስ ስቅለት ጋር ያመሳስለዋል። ሁለቱም ወገኖች ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሕያው ሰው ስለ ሕያው ሰው መጸለይ አለበት።

በእኛ በኩል ጸሎቱ ወደ ፈጣሪ ብቻ ነው። ሙሴን እናከብራለን እንጂ አንለምነውም። ይሁን እንጂ የአማላጅነት ነገር በቤተ እስራኤል ዘንድ እንግዳ አይደለም። ትእዛዘ ሰንበት በተባለው የግዕዝ መጽሐፋችን ሰንበት ራሷ እንደ ሴት ሆና በፈጣሪ ፊት ስለ ሰዎች ትለምናለች። ለእኔ ከሁሉ የሚያምረኝ ይህ ነው፤ ዓርብ ማታ ወደ ቤታችን የምትገባዋ ቀን ጠበቃችን መሆኗ። ያንን ወጣትም በስልክ እንዳይፈርድ መከርኩት። እህቱም አክስቱም የእሱ ናቸው፤ እዚህ የደረሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ስለ ሁለቱም ማመልከቻ የሚጽፈው እሱ ነው። ለማመልከቻው የሚያስፈልገውን ወረቀት በጋራ አዘጋጀን።

ሃይፋ ስለምንኖር ስለ ኤልያስም አንድ ቃል ልበል። ከቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ፣ በባሕሩ በኩል፣ የኤልያስ ዋሻ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። አይሁድ፣ ክርስቲያን፣ እስላምና ድሩዝ ሁሉ እየሄደ የሚጸልይበት ቦታ ነው። ኤልያስ በዚህ ተራራ ላይ ስለ ዝናብ ለመነ፤ አገልጋዩን ሰባት ጊዜ ወደ ባሕሩ እንዲመለከት ላከው፤ በሰባተኛው የሰው እጅ የምታህል ደመና ታየች። ከዚያ ግን ኤልያስ ሸሽቶ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ፤ ሙሴ ስለ ሕዝቡ የለመነበት ተራራ ነው። እዚያ ሲደርስ ኤልያስ ሕዝቡን ከሰሰ፤ ኪዳንህን ትተዋል፣ ብቻዬን ቀርቻለሁ አለ። ወዲያውም ኤልሳዕን በአንተ ቦታ ቀባው ተባለ። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ሲተረጉሙ የልጁን ክብር ሳያስብ የአባቱን ክብር ብቻ ጠየቀ ይላሉ። አማላጅ ሲደክመው ከሳሽ ይሆናል ማለት ነው። የቢሮ ሠራተኛ ሲጮህባችሁ አንዳንዴ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ትክክል ነው ማለቴ ግን አይደለም። የበላዩን ጠይቁ፣ አቤቱታ ጻፉ።

የራሳችን ምድረ በዳም አለን። በ1862 አባ መሐሪ የተባሉ አባት ሕዝቡን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈላል ብለው ነበር። ትግራይ ሲደርሱ ረሀብና በሽታ ብዙውን ጨረሰው፤ የተረፈውም ከፊሉ እዚያው ቀረ፣ ከፊሉ ተመለሰ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በሱዳን በኩል ሕዝቡ በእግሩ ወጣ። ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖቻችን በመንገድና በመጠለያ ካምፖች ሞቱ፤ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተደረገው ዘመቻ ሙሴ ደግሞ ወደ 8,000 የሚጠጉ ገቡ። የሞቱት በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርዝል ተራራ ይታሰባሉ። እናንተም ሂዱ፤ ቤተሰባችሁ በዚያ መንገድ ባይሄድም ሂዱ።

ያ ሁሉ ሰው በራሱ ብቻ አልመጣም። ዮና ቦጋለ ለዓመታት ደብዳቤ ሲጽፉ፣ የውጭ አገር ሰዎችን ሲለምኑ ኖረው እዚህ ገብተው በ1987 አረፉ። ፈረደ አክሉም ከሱዳን ሆኖ መልእክት ልኮ መንገዱን ከከፈቱት አንዱ ነበር። ከገባንም በኋላ በ1985 መኸር ወቅት፣ አይሁድነታችን ይጣራ በተባለ ጊዜ፣ ቄሶችና ሽማግሌዎች ከወጣቶች ጋር በኢየሩሳሌም ከዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ገደማ ተቀምጠው አቤት አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አልተፈታም፤ ቢሆንም በዝምታ አልታለፈም።

ወደ ሴቶቹ ልሂድና ልፈጽም፤ ጊዜዬም እያለቀ ነው። በዘኍልቍ ምዕራፍ 27 ላይ የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች አሉ፤ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ ይባላሉ። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይኖረው በምድረ በዳ ሞተ፤ ርስቱም ሊጠፋ ሆነ። እነዚህ ሴቶች ሽማግሌ አልላኩም፤ ዳቦም አልጋገሩም። በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ፣ በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ራሳቸው ቆሙ፤ ለምን የአባታችን ስም ይጠፋል፣ ርስት ስጡን አሉ። ሙሴ መልሱን አላወቀውም። አላውቅም ብሎም አላባረራቸውም፤ ጉዳያቸውን ወደ ፈጣሪ አቀረበው። የተመለሰውም፣ ሴቶቹ እውነት ተናግረዋል የሚል ነበር፤ ሕጉም ለእነርሱ ብቻ ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ተጻፈ።

ዳቦ ያመጡልኝን እናት ቀጠሮ ስንሄድ ይህን ታሪክ በአውቶቡስ ውስጥ ነገርኳቸው። ከጸሐፊዋ ፊት ስንደርስ እኔ ልናገር ስል ክንዴን ያዝ አደረጉና፣ በኡልፓን በተማሩት ዕብራይስጥ፣ ስማቸውንና የመታወቂያ ቁጥራቸውን ራሳቸው ተናገሩ። ቁጥሩን ሲሉ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። ሦስተኛው ልክ ነበር። የቀረውን እኔ ተረጎምኩ።

ስግድ ኅሽቫን 29 ቀን ነው፤ ከኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን መሆኑ ነው። በ2008 ክኔሴት በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል፤ ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአገራችን አምቦበርን በመሰሉ ቦታዎች ተራራ ይወጣ ነበር፤ እዚህ በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናጺቭ ይሰበሰባል። ቄሶቹ ከኦሪትና ከመጽሐፈ ነህምያ በግዕዝ ያነባሉ፣ ሕዝቡም እንዲገባው ይተረጉሙለታል። በነህምያ ምዕራፍ 9 ጥጃውም ምድረ በዳውም ይነሣሉ፤ ያንጊዜ ጆሯችሁን አቅኑ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የዚያን ቀን ማንም አያስተረጉሙ፣ ይስሙ። እስከ ከሰዓት በኋላ ስለሚጾም ለትንንሾቹ ምግብ ያዙላቸው፤ ንፋሱ ስለሚበረታም ጋቢ አትርሱ።

በሚቀጥለው ጊዜ ከብቱዋህ ሌኡሚ የሚመጡ ደብዳቤዎችን እንዴት እንደምንለያቸው እናያለን። ያልገባችሁን ደብዳቤ ከፍራሹ ሥር አታኑሩት፤ ይዛችሁት ኑ። ሰላም ሁኑ።